ዋጋው ዝቅ ያለ አክሲዮንና ርካሽ አክሲዮን
(አነስተኛ ኩባንያዎችን ስለ መመዘን፣ በሐዋሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




የአክሲዮን ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም፣ ካፒታሉ እንዴት እንደሚዋጣ፣ ሒሳቡም እንዴት እንደሚመረመር በዝርዝር ደንግጎ ነበር። በዚያው ዐሥርት ዓመት ማለቂያ ገደማ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር የአክሲዮን ግብይት ቡድን በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የጥቂት ኩባንያዎችን አክሲዮን ያገበያይ ጀመር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ታላላቅ ኢንዱስትሪዎች በመንግሥት ሲወረሱ ግን የሚገበያይ ነገር ስላልቀረ ሥራው ተቋረጠ። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አልፎ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ።

በእነዚህ ሁለት ገበያዎች መካከል በነበረው ረጅም ጊዜ፣ በተለይም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ አክሲዮን ያለ ገበያ ሲሸጥ ኖሯል። ሽያጩ የሚካሄደው በባንክ መስኮት፣ በሆቴል አዳራሽ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዘመድና በወዳጅ ምክር ነበር። ገዢው ዋጋ የሚያመሳክርበት ሰሌዳ አልነበረውም። ስለዚህም በሐዋሳ ከተማ የቡና ነጋዴው፣ የሆቴል ባለቤቱ፣ መምህሩ፣ ጡረታ የወጣው የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ገንዘብ በቋጠረ ጊዜ ወደሚያውቀው የሒሳብ ሰው ጎራ ብሎ፣ «ርካሽ ሆኖ ተስፋ ያለው አክሲዮን የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ሆነ። ይህ ንግግር የሚመለከተው ያንኑ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ሊያለማም ሊያጠፋም ይችላል።

ሀ. ጥያቄው ከየት እንደ መጣ

ሰው ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ አክሲዮን እንዲገዛ የሚገፋፋው ስስት ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ ለቆጣቢው በጎ ዜና ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ሲደርስ፣ በባንክ የተቀመጠው ብር በቁጥር እያደገ በጉልበቱ ይመነምን ጀመር። እንዲህ ባለው ጊዜ ቆጣቢው መሸሸጊያ መፈለጉ የሚያስነቅፈው አይሆንም።

ሁለተኛው ገፊ ምክንያት የቀደሙት ባለአክሲዮኖች ምሳሌ ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲመሠረት 486 ባለአክሲዮኖችና 24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ነበረው። በዚያን ጊዜ የግል ባንክ የሚባለው ነገር ራሱ ከውርሱ ወዲህ ያልታየ በመሆኑ ድርጅቱ በማናቸውም መመዘኛ አነስተኛና ያልተሞከረ ነበር። ዛሬ ከአገሪቱ የግል ባንኮች በግንባር ቀደምትነት የሚጠራ ነው። ያን ጊዜ ገዝቶ ድርሻውን እያሳደገ የቆየ ሰው ስሙ በየሰፈሩ ይነሣል።

ይሁን እንጂ የተሳካለት ሲነገርለት፣ ያልተሳካለት ዝም ይባላል። ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም አክሲዮን ከተሸጠ በኋላ፣ ከወለድ ነፃ የሆነ ሙሉ ባንክ ባለመፈቀዱና በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ ባንክ መነሻ ካፒታል ከ75 ሚሊዮን ወደ 500 ሚሊዮን ብር ከፍ በመደረጉ ጅምሩ ለዓመታት ቆሞ ነበር። ፈቃዱ የተገኘውና ባንኩ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። በመጨረሻ ለፍሬ በመብቃቱ እድለኛ ሊባል ይገባዋል፤ በእነዚያው ዓመታት አክሲዮን ሸጠው የፋብሪካ መሠረት ሳይጥሉ የቀሩ ጥቂት አልነበሩም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ የሌላውን ሰው ትርፍ ሰምቶ ብቻ መግዛት ከመመዘን አይቆጠርም።

ለ. ዋጋ ዝቅ ማለትና ርካሽ መሆን

በገዢዎች ዘንድ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ከሌላው ጋር በቀጥታ ማወዳደር ነው። 100 ብር የሚሸጠው ከ1,000 ብሩ ይረክሳል ተብሎ ይታሰባል። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሽያጭ ሲቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን ይህም የድርጅቱ 10 ከመቶ ነው ተባለ። እንግዲህ ሙሉ ድርጅቱ አንድ ቢሊዮን አክሲዮን አለው ማለት ነው፤ በ300 ብር ሲባዛ 300 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ገዢው ሊጠይቀው የሚገባው «300 ብር አለኝን?» የሚለውን ሳይሆን «ይህ ድርጅት 300 ቢሊዮን ብር ያወጣልን?» የሚለውን ነበር። ሽያጩ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ። የመልሱ ትክክለኛነት ወደፊት በትርፍ ድርሻና በገበያ የሚታይ ነው፤ ጥያቄው ግን ለትልቁም ለትንሹም ኩባንያ አንድ ነው።

ነገሩን ወደ አነስተኛ ኩባንያዎች ለማውረድ፣ ለምሳሌ ያህል ሁለት ማኅበሮችን በሐሳብ ማቆም ይጠቅማል። የመጀመሪያው «ሀ» ይባል፤ የአቮካዶ ዘይት ለመጭመቅ የተቋቋመ ነው። 600,000 አክሲዮን አለው፤ የእያንዳንዱ የተጻፈ ዋጋ 100 ብር ሆኖ 60 ሚሊዮኑ ብር ተከፍሏል። ሆኖም ምርት ሳይጀምር ለቢሮ ኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለማስታወቂያና ለአክሲዮን ሻጮች አበል 24 ሚሊዮን ብር ወጥቷል። አሁን አዲስ አክሲዮን በ150 ብር ይሸጣል። ሁለተኛው «ለ» የእንጨትና የብረት ሥራ ማኅበር ነው። 40,000 አክሲዮን አለው፤ የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ሲሆን 40 ሚሊዮን ብር ካፒታሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ 12 ሚሊዮን ብር መጠባበቂያና ያልተከፋፈለ ትርፍ አጠራቅሟል። ዓመታዊ የተጣራ ትርፉ 8 ሚሊዮን ብር ነው። አንድ ባለአክሲዮን ድርሻውን በ1,200 ብር ሊሸጥ ይፈልጋል።

ወደ ሒሳቡ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። የ«ሀ» የተጣራ ሀብት 36 ሚሊዮን ብር ስለሆነ ለአንድ አክሲዮን 60 ብር ይደርሳል። ገዢው 60 ብር የቀረውን ነገር በ150 ብር፣ ማለት በሁለት እጥፍ ተኩል ይገዛል። የ«ለ» የተጣራ ሀብት ግን 52 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለአንድ አክሲዮን 1,300 ብር ይሆናል። ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ 200 ብር ስለሆነ ገዢው የሚከፍለው የ6 ዓመት ትርፍ ያህል ነው። በስም ዝቅ ያለው ውድ፣ በስም ከፍ ያለው ርካሽ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ገልጦ በአክሲዮኑ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ሊዘነጋ አይገባም። በየከተማው ያሉት አነስተኛ ድርጅቶች በአብዛኛው ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበሮች ናቸው። እንዲህ ያለው ማኅበር ለሕዝብ አክሲዮን አውጥቶ ሊሸጥ አይችልም። «አክሲዮን ግዛ» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ከዋጋው በፊት የማኅበሩን ዓይነት ከመመሥረቻ ጽሑፉ ማረጋገጥ አለበት።

ሐ. ከትርፉ ጀርባ ያለው ገንዘብ

«ለ» ርካሽ ሆኖ መገኘቱ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የሒሳብ ባለሙያ ከሌላው ሰው የሚለየው ከዚህ በኋላ በሚያነሣው ጥያቄ ነው። ከ52 ሚሊዮኑ የተጣራ ሀብት ውስጥ 30 ሚሊዮን ብሩ ተሰብሳቢ ሒሳብ ቢሆን፣ ይህም ባለፈው ዓመት 18 ሚሊዮን ብር ብቻ የነበረ ቢሆን፣ ሽያጩ ሳይጨምር ዕዳው ለምን ጨመረ ተብሎ ይጠየቃል። 10 ሚሊዮን ብሩ የማይሰበሰብ ሆኖ ቢገኝ የተጣራው ሀብት ወደ 42 ሚሊዮን ይወርዳል፤ የአንዱ አክሲዮን 1,050 ብር ይሆናል። በ1,200 ብር የተገዛው አክሲዮን ርካሽ መሆኑ ቀረ።

ትርፉም እንዲሁ ይመረመራል። ከ8 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮን ብር የተገኘው አሮጌ መጋዘን ተሸጦ ከሆነ መጋዘን በየዓመቱ አይሸጥምና የዘወትሩ ትርፍ 5 ሚሊዮን ነው። ለአክሲዮን የሚደርሰው 125 ብር፣ የተከፈለውም ዋጋ የ6 ዓመት ሳይሆን ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ትርፍ ይሆናል። በዋጋ ንረት ዘመን ደግሞ ሌላ ሽፋን አለ። ቀደም ብሎ በርካሽ የተገዛ ጥሬ ዕቃ ዛሬ ባለው ዋጋ ሲሸጥ ትርፉ ያብጣል፤ ዕቃው እንደገና በሚገዛበት ጊዜ ግን ያ ትርፍ እንዳለ ተመልሶ ይሄዳል። የዋጋ ንረቱ 30 ከመቶ በሆነበት ዓመት ትርፉ 10 ከመቶ ያደገ ድርጅት በእርግጥ አላደገም፤ አንሷል።

ስለዚህ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ የተጻፈው ትርፍ ከጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ጋር መነጻጸር አለበት። ሦስትና አራት ዓመት ተከታትሎ ትርፍ እያሳየ፣ በዚያው መጠን ጥሬ ገንዘብ ያላስገባ አነስተኛ ድርጅት ከደንበኞቹ ይልቅ ለባንክ ብድር የሚሠራ ነው።

መ. አንድ ደንበኛ፣ አንድ ሰው

የትልቅ ኩባንያ አደጋ በብዙ ቦታ የተበተነ ነው፤ የትንሹ ግን በአንድ ደንበኛ ወይም በአንድ ሰው ላይ ይሰበሰባል። ለዚህ ሐዋሳ ራሷ ምስክር አላት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በአመዛኙ ለውጭ ገበያ፣ በተለይም ለአሜሪካ፣ ልብስ ሰፍቶ ለመላክ የታሰበ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ተጠቃሚነት ወጣች። በፓርኩ አጥር ውስጥ ያሉት ፋብሪካዎች ብቻ ሳይሆኑ በዙሪያው ቤት የሚያከራየው፣ ሠራተኛ የሚያመላልሰው፣ ምግብ የሚያቀርበው ሁሉ ነገሩ ነካው። ከእነዚህ አንዱ አክሲዮን ይሸጥ ቢሆን ኖሮ የቀደመው ዓመት ሒሳቡ ይህን አደጋ በቁጥር አያሳይም ነበር። የሚያሳየው «ከሽያጩ ስንት እጁ ከአንድ ደንበኛ ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በአካባቢው ቡና አጥቦ የሚልክ፣ ፍራፍሬ የሚያቀነባብር፣ በሐይቁ ዳር ሆቴል የሚያስተዳድር ማኅበርም በዚሁ መንገድ ይመዘናል። ቡና ላኪው ከስንት ገዢ ጋር ይዋዋላል? አቀነባባሪው በወቅቱ ያልገዛውን ፍሬ ከወቅቱ ውጪ ከየት ያመጣል? ሆቴሉ ስብሰባ በማይኖርበት ወር ደመወዝ የሚከፍለው ከምን ነው?

ሁለተኛው ጉዳይ የሰው ነው። በአነስተኛ ኩባንያ ውስጥ የቦርዱ ሊቀመንበር፣ ሥራ አስኪያጁና ዋናው አቅራቢ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ይህ ብቻውን ጥፋት አይሆንም፤ ብዙ የተሳካ ሥራ በቤተሰብ ተጀምሯል። ነገር ግን ማኅበሩ ከዲሬክተሩ ሕንፃ የሚከራይ፣ ከወንድሙ ጥሬ ዕቃ የሚገዛ፣ ለእኅቱ ድርጅት ያለ ወለድ የሚያበድር ከሆነ ትርፉ ለባለአክሲዮን ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይቀራል። ይህም በሒሳብ መግለጫው ማብራሪያዎች ውስጥ፣ ከተዛማጅ ወገኖች ጋር ስለሚደረግ ግብይት በሚናገረው ክፍል ሊገለጽ የሚገባው ነው። ያ ክፍል ባዶ ሆኖ ሲገኝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሠ. ካፒታል በሚያድግበት ጊዜ

በኢትዮጵያ ባለአክሲዮንን ሳያስነቃ ከሚጎዱት ነገሮች ዋነኛው ኪሳራ አይደለም፤ ካፒታል በተጻፈው ዋጋ ማሳደግ ነው። በምሳሌው «ለ» ማኅበር 400 አክሲዮን ያለው ሰው የማኅበሩ 1 ከመቶ ባለቤት ነው። ማኅበሩ ካፒታሉን በእጥፍ ለማሳደግ 40,000 አዲስ አክሲዮን በተጻፈው ዋጋ፣ በ1,000 ብር ያወጣል እንበል። የተጣራው ሀብት 52 ሚሊዮንና አዲሱ 40 ሚሊዮን ተደምሮ 92 ሚሊዮን ብር ሆነ፤ ለ80,000 አክሲዮን ሲካፈል አንዱ 1,150 ብር ይደርሰዋል። አስቀድሞ 1,300 ብር ነበር። 400 አክሲዮን ያለው ሰው አዲሱን ለመግዛት አቅም ካጣ ባለቤትነቱ ወደ ግማሽ ከመቶ ወርዶ፣ በአንዱ 150 ብር፣ በጠቅላላው 60,000 ብር ከእጁ ወጥቷል። ማኅበሩ አልከሰረም፤ ገንዘቡ የሄደው ወደ አዲሶቹ ገዢዎች ነው።

ይኸው ነገር በሌላ ፊቱ ሲታይ ደግሞ እውነተኛው ርካሽ አክሲዮን የሚገኝበት ቦታ ነው። ትርፋማ የሆነ ነባር ድርጅት አዲስ አክሲዮን በተጻፈው ዋጋ ሲያወጣ የቅድሚያ መብት ያላቸው ነባር ባለአክሲዮኖች ከእውነተኛው ዋጋ በታች ይገዛሉ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የያዙት የባንክ አክሲዮን በጨረታ ሲሸጥ በርካታው ከተጻፈው ዋጋ እጅግ በላቀ ዋጋ መሸጡ፣ የተጻፈው ዋጋና እውነተኛው ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ በአደባባይ ያሳየ ነበር። ባለድርሻዎቹ ባንክ ውስጥ አክሲዮን እንዲይዙ እንደገና የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 ነው።

በቅርቡም ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ በማዘዙ ብዙዎቹ ተጨማሪ አክሲዮን ለመሸጥ ተገደዋል። ከማይክሮ ፋይናንስነት ወደ ባንክነት የተሸጋገሩትን ሲዳማ ባንክንና ኦሞ ባንክን በቅርበት ለሚያውቀው ለሐዋሳ ነዋሪ ይህ የካፒታል ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በኢንዱስትሪውም በኩል ከብዙ ሺህ ሰዎች ገንዘብ ሰብስቦ የተነሣው ሐበሻ ሲሚንቶ ፋብሪካውን ለመጨረስ በ2004 ዓ.ም. ለሁለት የደቡብ አፍሪካ ድርጅቶች በ21 ሚሊዮን ዶላር 47 ከመቶ ድርሻ ሰጥቷል፤ ማምረት የጀመረውም በ2009 ዓ.ም. ነው። ትንሽ ሆኖ የሚጀምር ኩባንያ ሲያድግ ገንዘብ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ገዢው ዛሬ የሚከፍለውን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚጠየቀውንም አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።

ረ. መውጫው በር

አክሲዮን ሲገዛ በሩ ሰፊ ነው፤ ሲሸጥ ይጠባል። በገበያ ላይ ያልተመዘገበ የአነስተኛ ኩባንያ አክሲዮን ልጅ ሲታመም ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ገዢ ቢገኝ እንኳ የመተዳደሪያ ደንቡ የቦርድ ፈቃድ ወይም የነባር ባለአክሲዮኖች ቅድሚያ ሊጠይቅ ይችላል። የትርፍ ድርሻ የማይከፍልና የማይሸጥ አክሲዮን፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ከሚባለው ምን ይለያል?

አዲሱ ገበያ ከዋናው መድረክ ሌላ ለአነስተኛና ለመካከለኛ ኩባንያዎች የተዘጋጀ የእድገት ገበያ አለው። ይህ ለወደፊቱ በጎ ተስፋ ነው። ይሁንና በሰሌዳ ላይ መመዝገብ ብቻውን ገዢ አይወልድም፤ ትንሽ አክሲዮን በሌሎችም አገሮች ገበያ ለቀናት ሳይሸጥ የሚውልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በእንዲህ ያለው አክሲዮን ላይ የሚውለው ገንዘብ ለበርካታ ዓመታት የማይፈለግ፣ ቢጠፋም ቤት የማያፈርስ መሆን ይገባዋል፤ እርሱም በአንድ ማኅበር ላይ ሳይከመር በተለያየ ሥራ መካከል ቢከፋፈል ይመረጣል።

ሰ. በመዝገብ ቤት የተገኘ ርካሽ አክሲዮን

ርካሽ አክሲዮንን መፈለግ እንደ ሙያ የቆጠረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ግራሃም ነበር። ግራሃም በ1926 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን በሚገኝ የመንግሥት መዝገብ ቤት የነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያዎችን ሪፖርት ሲያገላብጥ፣ ኖርዘርን ፓይፕላይን የተባለው አነስተኛ ኩባንያ አክሲዮኑ በ65 ዶላር ገደማ እየተሸጠ፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 95 ዶላር ያህል የሚደርስ የቦንድና የመሳሰለ ሀብት እንደነበረው አገኘ። ሪፖርቱ ለማንም ክፍት ነበር፤ ያነበበው ግን አልነበረም። በመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳቡን የሚደግፍለት ሰው ስላላገኘ ሳይሰማ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የሌሎችን ባለአክሲዮኖች ውክልና አሰባስቦ ሁለት የቦርድ ወንበር አገኘ፤ ከዚያም ኩባንያው ለእያንዳንዱ አክሲዮን 70 ዶላር ለባለአክሲዮኖቹ አከፋፈለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ ርካሽነቱ የተገኘው በወሬ ሳይሆን በሰነድ ነው። ሁለተኛው፣ ሀብቱ በመዝገብ ላይ መኖሩ ብቻ አልበቃም፤ ለባለአክሲዮኑ እንዲደርስ በጉባኤ የሚጠይቅ ሰው አስፈልጓል። በኢትዮጵያ ብዙ ባለአክሲዮን ወደ ጠቅላላ ጉባኤ የሚሄደው የትርፍ ድርሻውን መጠን ለመስማት ነው። የኦዲተሩን ሪፖርት አንብቦ የሚጠይቅ ሲነሣ ጉባኤው የሚያጉረመርምበት ጊዜ አለ። ከዚያ ሰው በስተጀርባ ግን ያልጠየቁት ሁሉ ተጠቃሚዎች ናቸው።

ሸ. የባለሙያው ድርሻ

ዛሬ ለማንበብ የሚያግዙ ሰነዶች ከቀድሞው ይልቅ በዝተዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 የሒሳብ መግለጫዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲዘጋጁ መንገድ ከፍቷል፤ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም በዚሁ መሠረት ተቋቁሟል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግና የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ተከታትለው ወጥተዋል። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ማኅበር ደንበኛ ሳቢ መግለጫ አዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሊያስመዘግብ ይገባዋል። እንግዲህ በሆቴል አዳራሽ የሚታደለው ባለቀለም ወረቀት የዚህ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ ለሒሳብ ባለሙያው ወሰንም አበጅቶለታል። በክፍያ «ይህን ግዛ፣ ያንን ሽጥ» ብሎ መምከር የኢንቨስትመንት አማካሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከሕጉም በፊት የሙያው ሥነ ምግባር አለ። ከሻጩ አበል እየተቀበለ ለገዢው የሚመክር፣ ወይም ኦዲት የሚያደርገውን ድርጅት አክሲዮን ለወዳጆቹ የሚያስተዋውቅ ባለሙያ ስሙን ከአክሲዮኑ ጋር አብሮ ሸጧል። ከተማዋ ትንሽ፣ ትውውቁ ብዙ በሆነበት ቦታ ይህ ፈተና የየዕለቱ ነው። «እገሌ የሒሳብ ሰው ነው፣ እርሱም ገዝቷል» የሚለው ቃል ብቻውን የስንቱን ቁጠባ እንደሚያንቀሳቅስ ማሰብ ይበቃል።

ሆኖም ወሰኑን ማክበር ዝም ማለት አይደለም። ባለሙያው የአክሲዮን ስም ሳይጠራ ሊያስተምር የሚችለው ብዙ ነው። ጠያቂው አምስት ጥያቄዎችን በወረቀት ጽፎ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ ማኅበሩ ምን ዓይነት ማኅበር ነው፣ ከተፈረመው ካፒታል የተከፈለውስ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ የተጣራው ሀብትና የዘወትሩ ትርፍ ለአክሲዮኑ ቁጥር ሲካፈል ከሚጠየቀው ዋጋ ጋር እንዴት ይነጻጸራል? ሦስተኛ፣ ትርፉ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተለውጧልን፣ በአንድ ደንበኛ ወይም በአንድ ቤተሰብ ላይስ ተንጠልጥሏልን? አራተኛ፣ ካፒታል ማሳደግ ታስቧልን፣ በምን ዋጋ? አምስተኛ፣ ገንዘቡ ሲያስፈልግ አክሲዮኑ ለማን፣ በምን ሥርዓት ይሸጣል? ለእነዚህ መልስ መስጠት የማይችል ሻጭ መልሱን ራሱ ሰጥቷል።

ጠያቂው ከመልሱ በኋላም ሊገዛ ይችላል፤ ገንዘቡ የእርሱ ነውና መብቱ ነው። ጥሩ ተስፋ ያለው አነስተኛ ኩባንያ የሚያድገውም ቀድመው ባመኑት ሰዎች ገንዘብ ነው። በ1987 ዓ.ም. 486ቱ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የሚነገረው ታሪክ አይኖርም። ባለሙያው እነዚህን ሰዎች ከመግዛት እንዲከለክላቸው አይጠበቅም። የሚጠበቅበት፣ የሚገዙትን አውቀው እንዲገዙ ሰነዱን ገልጦ ማሳየት ነው። ይህን ያደረገ ባለሙያ ለጠያቂው የትኛው አክሲዮን እንደሚረክስ ባይነግረውም፣ ዋጋው ዝቅ ያለውን ከርካሹ የሚለይበትን መሣሪያ አስጨብጦታል።